ቀለም ወይስ አዲስ እንጨት? በቆላ ቤት ግድግዳ ላይ ስለ ተሠራ የመጽሐፍ መደርደሪያ

ከግድግዳ ጋር ተያይዞ የተሠራ የመጽሐፍ መደርደሪያ ሲያረጅ ባለቤቱ በሁለት አማራጮች መካከል ይዋልላል፤ እንደ ገና ቀለም ይቀባው ወይስ ነቅሎ በአዲስ ይተካው? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የአናጢና የቀለም ቀቢ ጉዳይ ይመስላል። ሆኖም መልሱን የሚወስኑት በእንጨቱ ውስጥ ያለው የውኃ መጠን፣ ከመሬት የሚወጣው ምስጥ፣ በአሮጌው ቀለም ውስጥ የተደባለቀው ማዕድንና የመጻሕፍቱ ክብደት ናቸው። በመሆኑም የባዮሎጂም፣ የኬሚስትሪም፣ የፊዚክስም ተማሪ የየድርሻውን ሊናገርበት የሚችል ጥያቄ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ወደ ኮኪት ይዘን እንሄዳለን። ኮኪት ከጎንደር ተነሥቶ በገንዳ ውኃ በኩል ወደ መተማ ዮሐንስና ወደ ሱዳን ድንበር በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የመተማ ወረዳ ከተማ ናት። የመረጥናትም ያለ ምክንያት አይደለም። በደጋ ለረጅም ዓመታት ሳይበላሽ የሚኖር እንጨት በዚያ ቆላ በጥቂት ክረምቶች ውስጥ ባዶ ቅርፊት ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ በአዲስ አበባ ለተጻፈ የቀለም ቆርቆሮ መመሪያ ትክክል የሆነው ነገርም በኮኪት ሙቀት ላይሠራ ይችላል።

ነገሩን ለማቅለል አንድ ቤተሰብ በሐሳባችን እንሣል። ባልና ሚስቱ መምህራን ናቸው። ቤታቸው በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ ከውስጥ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ነው። በሳሎኑ አንድ ወገን ቀደም ሲል በቤቱ የነበሩ ሰዎች ያሠሩት ባለ አራት ደረጃ መደርደሪያ አለ፤ እያንዳንዱ ደረጃ 90 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ተቀብቷል። የመማሪያ መጻሕፍት፣ መዝገበ ቃላት፣ የቀድሞ ዓመታት የፈተና ወረቀቶችና የቤተሰቡ ሰነዶች ሁሉ የሚገኙት እዚያ ላይ ነው። ቀለሙ በሁለት ቦታ ተሰነጣጥቆ መርገፍ ጀምሯል፤ የመካከለኛው ደረጃ ጎብጧል፤ መቆም የተማረችው የሁለት ዓመት ልጃቸው ደግሞ የታችኛውን ጠርዝ ይዛ መነሣት ትወዳለች። ባል አንድ ቆርቆሮ ቀለም ይበቃል ይላል፤ ሚስት ሁሉም ተነቅሎ ይውጣ ትላለች። የማን ሐሳብ ይሻላል?

እንጨት ይጠጣል፣ ይጠማልም

የመተማ ቆላ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ550 እስከ 1600 ሜትር ገደማ ነው። ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ደግሞ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ የቤቱ አየር እጅግ ደረቅም፣ እጅግ እርጥብም ይሆናል ማለት ነው።

እንጨት ከተቆረጠና ከደረቀ በኋላም ከአየር ጋር ውኃ መቀባበሉን አያቆምም። የሕዋሳቱ ግድግዳ የተገነባው በሴሉሎስ፣ በሄሚሴሉሎስና በሊግኒን ነው። በሴሉሎስና በሄሚሴሉሎስ ሰንሰለቶች ላይ ያሉት የሃይድሮክሲል ቡድኖች የውኃን ሞለኪውሎች በሃይድሮጂን ትስስር ይስቧቸዋል። አየሩ እርጥብ ሲሆን ውኃ ወደ ሕዋሱ ግድግዳ ገብቶ ሰንሰለቶቹን ያራርቃቸዋል፤ እንጨቱም ያብጣል። አየሩ ሲደርቅ ውኃው ይወጣል፤ እንጨቱም ይሸማቀቃል። በ30 ዲግሪ ሙቀት የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 25 በመቶ ቢሆን በእንጨቱ ውስጥ የሚረጋው ውኃ የደረቅ ክብደቱን 5 በመቶ ያህል ነው፤ አንጻራዊው እርጥበት ከ80 በመቶ በላይ ሲደርስ ግን ውኃው ወደ 16 በመቶ ይጠጋል።

ይህ ልዩነት በመደርደሪያው ላይ ምን ያስከትላል? በጠፍጣፋው የተሰነጠቀ ጣውላ የውኃው መጠን በ1 በመቶ በተለወጠ ቁጥር ወርዱ በአማካይ በ0.25 በመቶ ይለወጣል ብለን እንውሰድ። ወርዱ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ይሰፋል ማለት ነው። በርዝመቱ ግን ምንም አይለወጥም ለማለት ይቻላል። ጣውላው በሁለት ወገን በግድግዳ ከተያዘና ለመንቀሳቀስ ቦታ ካጣ ወይ ይጣመማል፣ ወይ ይሰነጠቃል፣ ወይም ልስኑን ይገፋል።

ቀለሙ ይህን እንቅስቃሴ ለጥቂት ዓመታት ይከተላል። የዘይት ቀለም የሚደርቀው ሟሟው ስለ ተነነ ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ያለው ዘይት ከአየር ኦክሲጅን ወስዶ ሞለኪውሎቹን እርስ በርስ ያስተሳስራል። ይህ ትስስር ቀለሙ «ደረቀ» ከተባለ በኋላም ለዓመታት ይቀጥላል፤ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። በመጀመሪያ የመለጠጥ ጠባይ የነበረው ሽፋን ቀስ በቀስ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆንና እንጨቱ ሲያብጥ መከተል ያቅተዋል። ስንጥቁ ብዙውን ጊዜ ጣውላና ጣውላ በሚጋጠሙበት መስመር ላይ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለ ስንጥቅ ብቻውን እንጨቱ ተበላሽቷል ለማለት አያበቃም። በዚህ ነጥብ ላይ ከባልየው ጋር እንስማማለን።

ነገር ግን ከግድግዳ ጋር የተያያዘ መደርደሪያ አንድ የተለየ ችግር አለበት፤ ጀርባው አይታይም፣ አይቀባምም። በፊት ለፊት የተቀባ፣ በኋላ ያልተቀባ ጣውላ ከሁለቱ ወገን እኩል ውኃ አይቀበልም፤ ስለዚህ ይጣመማል። ግድግዳው ራሱ ውኃ የሚስብ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ውኃ በቀጭን ቀዳዳ ውስጥ ወደ ላይ እንደሚሳብ በፊዚክስ ትምህርት ተምረናል። የቀዳዳው ሬዲየስ 0.01 ሚሊ ሜትር ቢሆን ስሌቱ 1.5 ሜትር ያህል ከፍታ ይሰጠናል። በእውነተኛ ግድግዳ ላይ ትነቱ ስለሚቀንሰው ውኃው ይህን ያህል ላይወጣ ይችላል፤ ቢሆንም ከመሠረቱ በላይ ውኃ የሚከለክል ንጣፍ በሌለው የጭቃ ቤት የታችኛው ደረጃ በየክረምቱ ከጀርባው መራሱ የማይቀር ነው።

ከቀለሙ በስተጀርባ

እርጥበቱ ሲኖር ምስጡ ይመጣል። ምስጥ በአኗኗሩ ጉንዳን ቢመስልም በዝምድናው ለበረሮ የቀረበ ነፍሳት ነው። በቆላማው የአገራችን ክፍል ኩይሳ የሚሠሩት ምስጦች እንጨቱን በቀጥታ አይፈጩትም። ያኘኩትን ወደ ጎጇቸው ወስደው በላዩ ላይ አንድ ዓይነት እንጉዳይ ያለማሉ፤ ጠንካራውን ሊግኒንና ሴሉሎስ የሚሰባብርላቸው ይህ እንጉዳይ ነው። ከዝናብ በኋላ በኩይሳ ላይ የሚበቅለውና በብዙ ቦታ ሰው የሚመገበው ትልቅ እንጉዳይ የዚሁ እርሻ ፍሬ ነው። ስለዚህ መደርደሪያችንን የሚበላው አንድ ነፍሳት ሳይሆን ከመሬት በታች ያለ የእርሻ ማኅበር ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

የሠራተኛው ምስጥ ቆዳ ስስ ስለሆነ በደረቅ አየር ውስጥ ቶሎ ውኃውን ያጣል። ለዚህም ሲል በብርሃንና በነፋስ ውስጥ አይሄድም፤ ከአፈርና ከምራቁ ዋሻ እየሠራ ይጓዛል። እንጨት ሲያገኝ የላዩን ስስ ቅርፊት ለመሸፈኛ ትቶ ውስጡን ይበላል። አሁን የቀለሙን ነገር እናስተውል። ለእኛ ቀለም ማለት የእንጨት መከላከያ ነው፤ ለምስጡ ግን ያለ ዋጋ የተሠራለት ጣሪያ ነው። ከግድግዳው በኩል ገብቶ፣ ቀለሙን ሳይነካ፣ ጣውላውን ከዳር እስከ ዳር ሊያወጣው ይችላል። በዚህ ዓይነት ጣውላ ላይ አዲስ ቀለም መቀባት ማለት ባዶ እንቁላል ማሳመር ነው።

ከእንጨቱ ቀጥሎ ያለው መጽሐፍ ነው። ወረቀት በአብዛኛው ሴሉሎስ ነው፤ በፋብሪካው ሊግኒኑ ተለይቶ ስለሚወጣለትም ከእንጨት ይልቅ ለመበላት ይቀላል። ምስጥ ከመደርደሪያው ጀርባ ወደ መጻሕፍቱ ሲሻገር ከፊት የሚታየው የመጽሐፉ ጀርባ ሳይነካ ገጾቹ ሊያልቁ ይችላሉ። እዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያኖቻችንንና የገዳሞቻችንን የቆየ ልማድ ማስታወስ ይገባል። የብራና መጻሕፍት በማኅደር ተከተው በግድግዳ ላይ ባለ ችካል ይንጠለጠሉ ነበር። ብራና የተሠራው ከቆዳ ስለሆነ ዋና ንጥረ ነገሩ ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ነው፤ ሴሉሎስ ፈላጊውን ምስጥ ብዙ አይስበውም። ከማኅደሩ ውስጥ ለምስጥ የሚመች ነገር ቢኖር የመጽሐፉ የእንጨት ገበታ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከመሬት ርቆ፣ ነፋስ እያገኘው፣ በአንዲት ችካል ብቻ ከግድግዳው ጋር ተገናኝቶ ይኖራል። ማኅደሩ የተሠራው ለመሸከሚያም ጭምር ነው፤ ሆኖም ምስጥን ለመከላከል ቢታሰብ ከዚህ የተሻለ አሠራር ለማግኘት ያስቸግራል። ዛሬ የምንሠራው የግድግዳ ውስጥ መደርደሪያ ደግሞ በሁሉም ወገን የዚህ ተቃራኒ ነው።

ሌላው ጠላት ነቀዝ ነው። ከምስጥ የሚለየው ጭቃ ባለመያዙ ነው፤ በጣውላው ላይ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ክብ ቀዳዳዎችና ከሥራቸው እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ይታያሉ። ነቀዝ ስታርች የበዛበትን የእንጨቱን የውጭ ነጭ ክፍል ይመርጣል። በአካባቢው ከሚበቅለው ሽመል የተሠራ መደርደሪያም ሳይታከም ከቀረ በነቀዝ ይጠቃል።

በወስፌ የሚደረግ ምርመራ

ቀለም ከመግዛትም፣ አናጢ ከመጥራትም በፊት መደርደሪያው ባዶ ይሁንና ይመርመር። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ በየቤቱ አለ፤ ባትሪ፣ ቢላዋና ወስፌ።

በመጀመሪያ በቢላዋው እጀታ ጣውላውን ከዳር እስከ ዳር መታ መታ ማድረግ ነው። ሙሉ እንጨት ጠበቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተቦረቦረው እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ድምፁ የተለወጠበት ቦታ በወስፌ ይወጋ። ጤናማ እንጨት ወስፌውን ከአንድ ወይም ከሁለት ሚሊ ሜትር በላይ በእጅ ግፊት አያስገባም፤ ወስፌው ያለ ችግር ከጠለቀ ግን ከቀለሙ በታች እንጨት የለም። በተለይ ጣውላው ግድግዳውን የሚነካባቸው ጫፎችና ወደ ወለል የሚወርዱት ቋሚዎች ይፈተሹ።

የምስጥ ዋሻ ከተገኘ አንድ ቀላል ሙከራ እንድታደርጉ እንመክራለን። የጣት ርዝመት የሚያህል የዋሻውን ክፍል አፍርሳችሁ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ተመልከቱት። እንደ ገና ተሠርቶ ከተገኘ ምስጡ ሥራ ላይ ነው። ካልተሠራ በዚያ መንገድ መሄዱን ትቷል ማለት ነው፤ በሌላ በኩል እየሄደ ስለመሆኑ ግን አንዳች አይነግረንም። ስለዚህ ሙከራው በበጋ ከተደረገ በክረምት መደገም አለበት።

ምስጡ ሥራ ላይ ከሆነ መቀባቱም ሆነ መተካቱ ገንዘብ ማባከን ነው፤ አስቀድሞ የሚገባበት መንገድ መዘጋት አለበት። በዚህ ረገድ ሁለት ነገሮችን አጥብቀን እንቃወማለን። አንደኛው በቤት ውስጥ የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ነው። ለአጥር ቋሚ የሚያገለግል የቆየ ዘዴ ቢሆንም ዘይቱ ካንሰር አምጪ የሆኑ ሃይድሮካርቦኖችንና ከሞተሩ የተፋቁ ብረቶችን ይይዛል፤ ሳሎን ውስጥ ቦታ የለውም። ሁለተኛው ምንነቱ ያልታወቀ፣ ያለ ስያሜ በጠርሙስ የሚሸጥ ፀረ ተባይ ነው። ቀድሞ ለምስጥ በሰፊው ይሠራባቸው የነበሩት ክሎርዴን፣ አልድሪን፣ ዲልድሪንና ሄፕታክሎር እ.ኤ.አ. በ2001 በተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ከታገዱት የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ኬሚካሎች መካከል ናቸው፤ የታገዱበትም ምክንያት በአፈርና በሰውነት ስብ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይበሰብሱ ስለሚቆዩ ነው። ለአዲስ ጣውላ ከእነዚህ ይልቅ የቦራክስና የቦሪክ አሲድ ውሕድ ይሻላል። በውኃ ሟሙቶ ወደ እንጨቱ ዘልቆ ይገባል፤ ምስጡንም ነቀዙንም ያስቀራል። ይሁንና ውኃ አጥቦ ስለሚያወጣው ለደረቅ የቤት ውስጥ እንጨት ብቻ ነው የሚሆነው፤ ሲዘጋጅም ከሕፃናትና ከምግብ ዕቃ መራቅ አለበት።

የጎበጠው ደረጃ

ወደ መካከለኛው ደረጃ እንመለስ። ብዙ ሰው የጎበጠ ጣውላ ሲያይ «ይህስ አብቅቶለታል» ይላል። ፊዚክስ ግን የተለየ ሐሳብ አለው።

በሁለት ጫፉ የተደገፈ ጣውላ እኩል የተሰራጨ ሸክም ሲጫንበት የሚጎብጠው መጠን ከሸክሙ ጋር በቀጥታ፣ ከርዝመቱ አራተኛ ርቢ ጋርም በቀጥታ ይዛመዳል፤ ከውፍረቱ ሦስተኛ ርቢና ከእንጨቱ ጥንካሬ ጋር ደግሞ በተቃራኒው። በአንድ ሜትር መደርደሪያ ላይ 25 ኪሎ ግራም መጻሕፍት ቢደረደሩ፣ ጣውላው 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 25 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ችፑድ ቢሆን፣ ርዝመቱም እንደ ቤተሰቡ መደርደሪያ 90 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ስሌቱ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ጉብጠት ይሰጠናል። ይህም የመጀመሪያው ቀን ጉብጠት ነው፤ ሸክሙ ሳይነሣ በቆየ ቁጥር ጉብጠቱ እያደገ ሄዶ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በዚያው ውፍረት ያለ ሙሉ እንጨት ግን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚጎብጠው።

አሁን ርዝመቱን ከ90 ወደ 60 ሴንቲ ሜትር እናሳጥረው። ሁለት ሦስተኛ አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 16 ለ81 ይሆናል፤ ጉብጠቱ ወደ አንድ አምስተኛ ወረደ ማለት ነው። ከመካከል አንድ ድጋፍ ብናቆምለት ደግሞ እያንዳንዱ ግማሽ ለብቻው ሲታሰብ ጉብጠቱ የቀድሞውን አንድ አሥራ ስድስተኛ ያህል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የጎበጠው ጣውላ በወስፌ ተፈትሾ ጤናማ ከሆነ ገልብጦ መልሶ በመሐሉ አንድ ቋሚ ማስገባት ይበቃዋል። መቀባትም መተካትም ያልሆነ፣ ዋጋው ከሁለቱም ያነሰ ሦስተኛ መንገድ ይህ ነው።

አረንጓዴው ቀለም

እስካሁን ያልነው ስለ ገንዘብና ስለ መጻሕፍት ነው። አሁን የምናነሣው ስለ ልጅቷ ነው።

በኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ የተባለውን ብረት የሚቆጣጠረው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 የወጣው በ2010 ዓ.ም. ነው። ደንቡ የፈቀደው ከፍተኛ መጠን በደረቀ ቀለም ክብደት ከሚሊዮን 90 እጅ ነው፤ ይህም በአንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ቀለም ውስጥ 90 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ከዚያ በፊት በገበያችን ላይ በተደረጉ ፍተሻዎች ከዚህ ወሰን እጅግ የሚያልፉ የዘይት ቀለሞች ተገኝተዋል። እርሳስ በቀለም ውስጥ የሚገባው በሁለት መንገድ ነው፤ ቀለሙ ቶሎ እንዲደርቅ ለማድረግና ደማቅ ኅብር ለመስጠት። ቢጫው የእርሳስ ክሮሜት ብቻውን ቢጫና ብርቱካን መሰል ቀለሞችን ይሰጣል፤ ከሰማያዊ ጋር ሲደባለቅም አረንጓዴ ይወጣዋል። እንግዲህ ከደንቡ በፊት የተቀባ ደማቅ አረንጓዴ መደርደሪያ በላቦራቶሪ ተመርምሮ ነጻ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ እርሳስ እንዳለበት ቢቆጠር ይሻላል። በማየትም ሆነ በማሽተት መለየት አይቻልምና።

እርሳስ በሰውነት ውስጥ ካልሲየምን ይመስላል፤ ካልሲየም በሚገባበት በር ገብቶ በነርቭ ሕዋሳት ሥራ ላይ ጣልቃ ይገባል፤ በአጥንትም ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይከማቻል። ከተዋጠው እርሳስ ሕፃናት ወደ ደማቸው የሚያስገቡት መጠን ከአዋቂዎች ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም ይላል። የመደርደሪያውን ጠርዝ ይዞ የሚነሣ፣ ወዲያውም እጁን ወደ አፉ የሚወስድ ሕፃን ለዚህ ብናኝ ከማንም ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ሁለቱንም ባለ ሐሳቦች ያስደነግጣል። ባልየው እንደሚያስበው አዲሱ ቀለም እንዲይዝ አሮጌውን በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ መፈግፈግ አረንጓዴውን ጠንካራ ሽፋን ወደ ቤቱ አየር የሚነሣ ብናኝ ይለውጠዋል። ሚስቲቱ እንደምታስበው መደርደሪያውን በመዶሻ መንቀልም ያንኑ ብናኝ በአንድ ቀን ውስጥ ያስነሣል። በአንጻሩ ያልተላጠ፣ ጠንክሮ የተቀመጠ አሮጌ ቀለም እንዳለ ቢተውና በላዩ አዲስ ቢቀባበት እርሳሱ ታስሮ ይቀመጣል። ስለዚህ በጤናማ እንጨት ላይ መቀባት ከመንቀል ይመረጣል፤ የሚፈገፈገውም የተላጠው ቦታ ብቻ ሆኖ በውኃ እየተረጠበ ነው። ልጆችና ነፍሰ ጡሮች በዚያ ቀን ከቤቱ ይራቁ፤ ወለሉ ላይ ላስቲክ ይነጠፍ፤ ብናኙ በመጥረጊያ ሳይጠረግ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። ቀለሙን በእሳት እያቀለጡ መላጥ ፈጽሞ አይገባም።

የተነቀለውስ ጣውላ ወዴት ይሄዳል? በአብዛኛው ቤት መልሱ አንድ ነው፤ ወደ ማገዶ። ከሁሉ የከፋው ፍጻሜ ይህ ይመስለናል። በእንጀራ ምድጃ ውስጥ የሚነድ አሮጌ የተቀባ እንጨት እርሳሱን ከጢሱ ጋር ወደ ጋጋሪዋ ሳንባ፣ ከአመዱ ጋር ደግሞ ወደ ጓሮው አትክልት ይልካል። የተቀባ ጣውላ ለማገዶ አይሰጥም፤ ለጎረቤትም ቢሆን።

ቢተካስ በምን?

ወስፌው በብዙ ቦታ ከጠለቀ ምርጫ የለም፤ መተካት ነው። ያን ጊዜ ስለ ዕቃው ማሰብ ያስፈልጋል።

ጽድ ልቡ በተፈጥሮ ዘይት የበለጸገ ስለሆነ ምስጥን በመቋቋም የታወቀ ነው፤ የውጩ ነጭ ክፍል ግን ይህ ጠባይ የለውም። ይሁን እንጂ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ጽድን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ኮሶን ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በስም ጠቅሶ የከለከለው መመናመናቸው አሳስቦ ነው። ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ ጽድ ገዝቶ የመማሪያ መጽሐፍ መደርደር ደስ አያሰኝም። ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ የጽድ ጣውላ ከተገኘ ግን ከማንኛውም አዲስ ነገር ይበልጣል፤ ደርቋል፣ መጣመሙንም ጨርሷል። ባሕር ዛፍ በብዛት ይገኛል፤ ጠንካራም ነው፤ እርጥቡን ከተሠራበት ግን በመጀመሪያው በጋ ይሰነጠቃል፤ ምስጥንም ያለ መድኃኒት አይችልም።

ችፑድና ኤም.ዲ.ኤፍ. ለዓይን ያምራሉ። ለኮኪት ግን አንመርጣቸውም። ቅንጣቶቹን የሚያያይዘው የዩሪያ ፎርማልዴሃይድ ሙጫ በሙቀትና በእርጥበት ቀስ በቀስ ይፈርሳል፤ ጣውላው አብጦ ከቆየ ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስም። ሙጫው ሲፈርስ የሚወጣውን ፎርማልዴሃይድ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ሰውን ካንሰር ከሚያሲዙ ነገሮች መካከል መድቦታል፤ የሚወጣውም መጠን ከሙቀቱ ጋር ይጨምራል። የብረት መደርደሪያ ለምስጥ አይመችም፤ ይሁንና ምስጥ በብረቱ ላይ ዋሻ ሠርቶ ወደ መጻሕፍቱ ከመውጣት የሚያግደው የለም። ጥቅሙ ዋሻው ከሩቅ መታየቱ ላይ ነው።

ከዕቃው ይልቅ አሠራሩ ይበልጣል። አዲሱ መደርደሪያ በግድግዳው ውስጥ መግባቱ ይቅርና ከግድግዳው 5 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይቁም፤ የታችኛው ደረጃም ከወለሉ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ያን ጊዜ አየር ከጀርባው ይዘዋወራል፤ ምስጡም መሻገር ካለበት በዓይናችን ፊት ዋሻ መሥራት ይኖርበታል። የብራናው ማኅደር በችካል ላይ ሲንጠለጠል የነበረው ጥቅም በከፊል ተመለሰ ማለት ነው።

የዋጋውን ነገር በአጭሩ እናስላ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። መቀባት የመተካትን ዋጋ አንድ አምስተኛ ቢያስወጣና 4 ዓመት ቢያገለግል የዓመቱ ወጪ የመተኪያው ዋጋ አንድ ሃያኛ ነው። አዲሱ 15 ዓመት ቢቆይ የዓመቱ ወጪ አንድ አሥራ አምስተኛ ይሆናል፤ መቀባት ይረክሳል። እንጨቱ ተበልቶ ቀለሙ ለአንድ ዓመት ብቻ ቢቆይ ግን ወጪው አንድ አምስተኛ ሆኖ መተካት በሦስት እጥፍ ይረክሳል። ምስጡ ሳይወገድ በዚያው ግድግዳ ውስጥ አዲስ ተሠርቶ በ3 ዓመት ቢበላ ደግሞ የዓመቱ ወጪ አንድ ሦስተኛ ይሆናል፤ ከሁሉ የሚከፋው እርሱ ነው።

የሐሳብ ቤተሰባችን ወስፌ የታችኛው ደረጃና አንዱ ቋሚ ባዶ መሆናቸውን፣ ሦስቱ የላይኛው ደረጃዎች ደግሞ ጤናማ መሆናቸውን አሳየ እንበል። በእኛ ፍርድ የታችኛው ደረጃ ከነቋሚው በውኃ እየረጠበ ይውጣ፤ ቦታውም ባዶ ሆኖ ይቅር፤ አዲስ ቋሚ በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ እግር ላይ ይቁም፤ ከመካከለኛው ደረጃ ሥር ድጋፍ ይግባ፤ የቀረው ሳይላጥ ይቀባ። ልጅቷ የምትይዘው የተቀባ ጠርዝም በዚህ መንገድ ይጠፋል።

የሚቀባበት ወር ቢመረጥ መልካም ነው። በነሐሴ እንጨቱ አብጦ ሳለ የተቀባ ቀለም በበጋ ይሰነጠቃል፤ በሚያዝያ ሙቀት የተቀባው ደግሞ ላዩ ፈጥኖ ደርቆ ውስጡ እርጥብ እንደ ሆነ ይቀራል። ጥቅምትና ኅዳር በመካከል ላይ ናቸው፤ ምንም እንኳ ያ ወቅት የሰሊጥ አጨዳ ሰሞን በመሆኑ ትርፍ እጅ የማይገኝበት ቢሆንም። በውኃ የሚበጠበጠው የግድግዳ ቀለም ለመደርደሪያ አይሁን። ከፖሊመር የተሠራው ሽፋኑ ከክፍል ሙቀት ትንሽ ከፍ ሲል ይለሰልሳል፤ በ40 ዲግሪ የመጽሐፍ ሽፋን ከነክብደቱ ተጣብቆበት ይቀራል። የዘይት ቀለም ሽታው ቢከብድም ከጠነከረ በኋላ ይህ ችግር የለበትም፤ ለመጠንከር ግን ጥቂት ሳምንታት ይፈልጋል። መጻሕፍቱን ከመመለስ በፊት አንድ ቁራጭ ወረቀት በተቀባው ጣውላ ላይ አድርጎ በላዩ ከባድ መዝገበ ቃላት መጫንና ማሳደር ነው። ጠዋት ወረቀቱ ያለ ድምፅ ከተነሣ መደርደር ይቻላል፤ ጠርቀቅ ብሎ ከተነሣ አንድ ሳምንት ይጠበቅ።